ዳኛው ያወረደው የጌሞች ዝርዝር

ወንድሜ ሶፋ ሠሪ ነው። ሰፈሩ ግን በሙያው አይጠራውም፤ ዳኛው ነው የሚሉት። ችሎት ፊት ቆሞ አያውቅም፣ ካባም የለውም። ያለው አንድ ያረጀ ቴሌቪዥን፣ አንድ የጌም መጫወቻ፣ ሁለት ጆይስቲክና ለማንም የማይመለስ አፍ ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የጨርቅ ጣቃ ተጠቅልሎበት ከሚመጣው ካርቶን አንዱን ይቆርጥና በወፍራም ማርከር የዓመቱን አምስት ምርጥ ጌሞች ይጽፍበታል። ከሥር አንድ መስመር ያሰምርና «የዓመቱ ውድቅ» ብሎ አንዱን ያዋርዳል፣ ከነምክንያቱ። ከዚያ በስቴፕለር አራት ማዕዘኑን መትቶ ከወርክሾፑ በር አጠገብ ይሰቅለዋል።

ይኼ የልጅ ነገር ነው ብላችሁ ፊታችሁን ለማዞር የተዘጋጃችሁ ካላችሁ ትንሽ ቆዩ። ወንድሜ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጢሙ ሸብቷል፣ ወገቡን ያመዋል። ጎረቤታችን ጸጉር አስተካካዩ ተራ ለሚጠብቁ ደንበኞቹ የትኛውን ጌም እንደሚያስቀምጥ የሚወስነው ያን ካርቶን አይቶ ነው። ከማዶ ያለችው ፋርማሲስት በዓመት ሁለት ጌም ብቻ ትገዛለች፤ ሁለቱንም ከዝርዝሩ መርጣ። አንድ ጊዜ አንድ ሰው እሱ የሚወደው ጌም ዝርዝሩ ውስጥ ከገባለት ሙሉ ሶፋ እንደሚያሠራ ሹክ አለው። ዳኛው ሶፋውን ሠራለት፣ ጌሙን ግን ውድቅ ላይ ጻፈው። ሕጉ አንድ ነው፦ ያልጨረሰው ጌም ላይ አይፈርድም፤ ሲፈርድ ደግሞ ለማንም ብሎ አይደለም። በዚህ ይኮራል። ሌላ የሚኮራበት ብዙ ነገር የለውም።

አሁን እስከ ዘንድሮ ድረስ ሁለታችን ብቻ የምናውቀውን ልንገራችሁ። ዳኛው ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ለሱ ሁለቱም አንድ ዓይነት የደረቀ አፈር ናቸው። ይኼ ደግሞ ለሶፋ ሠሪ ቀላል ጣጣ አይደለም። ወርክሾፑን በከፈተ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ደንበኛ አረንጓዴ ሶፋ አዘዘች፤ ሦስቱን መቀመጫ አረንጓዴ፣ አራተኛውን ፍም የመሰለ ቀይ አድርጎ አስረከባት። ሴትዮዋ አፏን ይዛ «ምንድን ነው ይኼ?» ስትለው አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባው፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም።

«ፋሽን ነው» አላት፣ ዓይኑን ሳያሽ።

በወሩ ሁለት ጎረቤቶቿ «እንደሷ አድርገህ ሥራልን» ብለው መጡ። ይኼን እያነሳን ስንት ዓመት ስቀናል። ያን ዕለት ግን አልሳቀም። ስፖንጁ ላይ ተቀምጦ «የትኛው ነው ልዩው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው እኔም መጀመሪያ ያወቅኩት። በማግስቱ በየክሩና በየጣቃው ላይ ቁጥር ጻፍኩለት፤ የቁጥሮቹን ዝርዝር ደግሞ ማስቲሽ በሚያስቀምጥበት መደርደሪያ በር ውስጥ ለጠፍኩለት። ከዚያ ወዲህ ቀለም ተሳስቶ አያውቅም።

ጌም ግን ቁጥር አይጻፍበትም። ስለዚህ እኔ ነኝ ቁጥሩ። ትርጉም ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራ ስጨርስ ወርክሾፑ ጎራ እላለሁ። እሱ መዝጊያውን ገርበብ ያደርጋል፣ እጁን በጋዝ ታጥቦ በሳሙና ይደግማል፣ እኔ ከግራው እቀመጣለሁ።

«ከበርሜሉ ጀርባ» እላለሁ።

«የኛ ነው የነሱ?»

«የነሱ! ምን ትጠብቃለህ?»

«ገደልኩት።»

«ጋሼ፣ እሱ'ኮ የኛ ነው። የነሱ አጠገቡ ያለው ነበር።»

«አጠገቡ ምን ይሠራል ታዲያ?» ይላል፣ ጥፋቱ የሟቹ ይመስል።

ጆይስቲክ ይዤ አላውቅም፣ አልፈልግምም። ግን ስንት ቤተ መንግሥት በኔ አፍ ተሰብሯል። ከቀለሙ ሌላ ጽሑፉንም የማነብለት እኔ ነኝ፤ ጌሞቹ የሚጻፉበትን የውጭ ቋንቋ አያነብም። አባታችን ሲሞት እሱ አሥራ አራት፣ እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን አቋርጦ አናጢ ቤት ገባ፣ እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ። ደብተሬም፣ ዩኒፎርሜም፣ የኮሌጅ ክፍያዬም ከሱ መዶሻ የወጣ ነው። ያን የውጭ ቋንቋ ማንበብ የተማርኩት በሱ ጣት ነው ብል ማጋነን አይደለም፤ የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። ይኼን ያነሳሁት ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ምን ያህል የሚያሳፍር እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ባሌ ትቶኝ ሄደ። ታሪኩ አሰልቺ ነው፣ ልተወው። ቤቱ ጸጥ አለና ወርክሾፑ ውስጥ የምቆይበት ሰዓት እየረዘመ ሄደ። ወንድሜ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። አንድ ቀን ብቻ ስቀመጥ የሶፋው የኔ ወገን ከፍ ብሎ ጠበቀኝ፤ አዲስ ስፖንጅ ጨምሮበታል።

በዚያው ሰሞን አንድ አዲስ ጌም ስንከፍት፣ ጨዋታው ሳይጀመር አንድ ገጽ መጣ። «ቀለማትን ለመለየት ይቸገራሉ?» ይላል። አዎ ካላችሁት በቀለም ፋንታ ምልክት ያደርግላችኋል፤ ጠላት ላይ ሰረዝ፣ ወዳጅ ላይ ክብ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንደዚህ ዓይነት ነገር እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው።

«ምን ይላል?» አለኝ ወንድሜ።

«ስለ ድምፅ ነው» አልኩት። «ይበቃሃል ወይ ነው የሚለው። እለፈው፣ የግራውን ተጫን።»

የግራው «አይደለም» የሚለው ነበር።

አስቤበት አልነበረም ብዬ ብምል ግማሹ ውሸት ነው። አፌ ነው የቀደመኝ፤ ግን አፌ ምን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር። ያን ገጽ ካነበብኩለት ነገ የሚያስፈልገው ሰው አይደለሁም። ሻይ ይዛ የምትመጣ፣ ዳር ላይ ቁጭ የምትል ፈት እህት ነኝ። ቤቴ ደግሞ ማንም አይጠብቀኝም። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ሁለተኛው ጌም ጠየቀ፣ ሦስተኛውም። አንዴ «ስለ ድምፅ ነው» ካልኩ በኋላ ድምፅ ሆኖ ቀረ።

ዘንድሮ የአትክልቱ ጌም መጣ። አንዲት ሴት የአያቷን የፍሬ እርሻ ተረክባ ከዛፍ ዛፍ እየሄደች የበሰለውን ትለቅማለች፤ ያልበሰለ ከቀጠፈች ዛፉ ያኮርፋል። ሰፈሩ በሙሉ አበደለት። ፋርማሲስቷ እናቷን ስታስታምም በከረመችበት ክረምት ያንን ይዛ እንዳለፈችው ለሁሉም ተናግራለች። ወንድሜ ግን ቀይ ፍሬ በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ የት ይገኝለት? ሁለት ወር ሙሉ «ከፍ በል፣ ወደ ቀኝ፣ እሱ አይደለም፣ አጠገቡ» ስለው ከረምኩ። እሱ ተናደደ፣ እኔ ድምፄ ተዘጋ። ሕጉ ሕግ ነውና ጥርሱን ነክሶ ጨረሰው።

ዝርዝሩን የሰቀለው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንደኛ የወጣችው የጀልባዋ አሮጊት ናት፤ በሚያፈስ ጀልባ ከደሴት ደሴት ዕቃ ታመላልሳለች፣ በየጉዞው ምን ወደ ባሕር እንደምትጥል መምረጥ አለባት። «ማንንም ሳትገድል ላብ ታስወጣለች» ብሎ ጻፈላት። ሁለተኛው የሰዓት ጠጋኙ ነው። እዚያ ውስጥ የተበላሸውን ከመክፈትህ በፊት ጆሮህን አስጠግተህ ማዳመጥ አለብህ፤ ይኼን የጻፈው ሰው በእጁ የሠራ ሰው ነው ሲል ሳምንት ሙሉ አድንቆለታል። ሦስተኛው በበረዶ ላይ የጠፋ ፖስተኛ፣ አራተኛው ጭጋግ የዋጠው ግንብ፣ አምስተኛው ኳስ፤ «ከአምናው የተለየ ነገር የለውም፣ ግን ኳስ ነው» ይላል። ካርቶኑን ሲሰቅለው መሰላሉን ይዤ ነበር። ባሕር፣ በረዶ፣ ጭጋግ። ከቀይና ከአረንጓዴ የራቀ ዓመት እንደመረጠ እኔ አየሁ፣ እሱ አላየም። ከመስመሩ በታች «የዓመቱ ውድቅ፦ የአትክልቱ ጌም። ፍሬውን ደብቆ ተጫዋችን ያደክማል። ሌባ ነው» ይላል።

ፋርማሲስቷ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ዳኛው፣ ዘንድሮስ አዘንኩብዎት። ምን በደለዎት?»

«ጽፌዋለሁ። ፍሬውን ይደብቃል።»

«ይደብቃል? እኔ'ኮ ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው የማየው! ቀይ ፍሬ በአረንጓዴ ቅጠል ላይ እንዴት ነው የሚደበቀው?»

ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለ፤ ውስጥ ግማሽ ራሱ የተላጨ ሰው ትቶ ነው። የሚወደው የጦርነት ጌም በየዓመቱ ስለሚቀር በዳኛው ላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ ደስ ይለዋል። «መነጽር ግዙለት!» አለና ሳቀ።

ወንድሜ አልሳቀም። አንገቱ ላይ ላቡ ችፍ ሲል አየሁ። ዕድሜውን ሙሉ የደበቀው ነገር በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ እኔም መሰላሉን ይዤ ዝም አልኩ።

ፋርማሲስቷ ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል፣ ክፋት የላትም፣ እንዲህ አለች፦ «አጎቴ እንኳ ቀለም የማይለየው ጨርሶታል። ሲጀመር ይጠይቃል አይደል? አዎ ሲለው ፍሬው ላይ ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ አደረገለት።»

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ከኪሱ ካቻቢቴውን አውጥቶ መሰላሉ ላይ ወጣ፣ አራቱን የስቴፕለር ሽቦዎች አንድ በአንድ ነቀለ፣ ካርቶኑን አወረደ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ዝርዝር አውርዶ አያውቅም። ጸጉር አስተካካዩ እንኳ ሳቁን ዋጠ።

«ምን ሆንክ?» አለው።

«ድጋሚ አየዋለሁ» አለና ወደ ውስጥ ገባ።

ሰዎቹ ሲበተኑ ተከትዬው ገባሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ የአንድ ወንበር ሞላ እያሰረ ነበር።

«ስለ ድምፅ ነው አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ።»

«ስለ ድምፅ ነበር?»

«አልነበረም።»

ሲባጎውን ጠበቅ አድርጎ ቋጠረ። «ስንት ጌም እንዲህ ጠይቆኛል?»

«ሰባት።»

«ውድቅ ካደረግኳቸውስ?»

ይኼን ይጠይቀኛል ብዬ አላሰብኩም። ስለ ራሱ ይጠይቀኛል፣ ስለ ልፋቱ፣ እንደ ሞኝ ስላስቆጠርኩት ነበር የመሰለኝ። እሱ የሚጠይቀኝ ስለ ፍርዱ ነው። በሦስት ዓመት ሦስት ጌም አዋርዷል።

«ሦስቱም» አልኩት።

እጁ ቆመ። «ለምን?» አለኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

«መቀመጫዬን እንዳላጣ» አልኩት፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አልመጣልኝም።

«ሶፋ ሠሪ ወንድም እያለሽ?»

ቀልድ ይመስላል። ፊቱ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። እንባዬ መጣ፣ እሱ ግን ሞላውን ማሰሩን ቀጠለ። «ሂጂ አሁን። ለብቻዬ ነው የማየው» አለኝ።

ስድስት ቀን አልሄድኩም። ከሥራ ስወጣ በማዶው አስፋልት አልፋለሁ። መዝጊያው ተዘግቷል፣ ደንበኛ ያንኳኳል፣ መልስ የለም። ከውስጥ የዚያ የእርሻ ጌም ሙዚቃ ይሰማል። ምርጫው ሁለት ብቻ ስለሆነ እኔ ያስጫንኩትን ትቶ ሌላውን እንደተጫነ ገባኝ። በአራተኛው ቀን የሚስቅ መሰለኝ። ቆሜ አዳመጥኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅናት ያዘኝ፤ እንዲህ ነኝ እንግዲህ።

የዓመቱ የመጨረሻ ቀን አዲስ ካርቶን ተሰቀለ። ሰው ተሰብስቦ ሳይ እግሬ ወሰደኝ። የአትክልቱ ጌም አራተኛ ወጥቷል። አንደኛ አላደረገውም፣ ለይቅርታ ብሎ እንኳ። «ቆንጆ ነው፤ መጨረሻው ይንዛዛል። ያለፈውን ቃሌን አንስቻለሁ» ይላል። ኳሱ ከአምስቱ ወድቋል። ከመስመሩ በታች፣ በዚያው በወፍራም ማርከር፦

«የዓመቱ ውድቅ፦ ዳኛው። ምክንያት፦ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ይኼንን ደብቆ ሦስት ጌሞች ላይ ሳያይ ፈርዷል።»

ስለ እኔ አንድ ቃል የለም።

ጸጉር አስተካካዩ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ለዚህ ነው እንዴ በኳስ ጌም ኳሱን ሁሌ ለኔ የምታቀብለው? እኔ'ኮ ደግነት መስሎኝ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜም በሩ ላይ ቆሞ በጥርሱ ብቻ ሳቀ። ከኋላ አንዲት ደንበኛ «የኔን ሶፋ በዚህ ዓይኑ ነው የሠራው?» ስትል ጥርሱም ተከደነ።

እዚያ ላይ አልቻልኩም።

«አልደበቀም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። «ጌሞቹ ጠይቀውታል። እሱ ጽሑፉን አያነበውም፤ የማነብለት እኔ ነኝ። ሌላ ነገር ነው የሚለው እያልኩ ዋሸሁት። ሦስት ዓመት። ውድቋ እኔ ነኝ። ሶፋሽንም እመቤቴ፣ ቀለሙን በቁጥር ነው የሠራልሽ፣ አልተሳሳተም።»

ሳቁ ቆመ። ፋርማሲስቷ መሬት መሬት አየች። ጸጉር አስተካካዩ መቀሱ ላይ የሌለ ጸጉር ማራገፍ ጀመረ።

«ማን ጠየቀሽ?» አለኝ ወንድሜ። ተቆጥቷል።

«ማንም።»

ትንሽ አየኝና ወደ ውስጥ ገባ። መዝጊያውን አልዘጋውም። ቆሜ ቀረሁ፤ ከዚያ ገባሁ። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ገና ፕላስቲኩ ያልተቀደደ አዲስ ጌም በካቻቢቴው እየከፈተ ነበር። ከግራው ጫፍ ላይ፣ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጥኩ። ስክሪኑ በራ። ረጅም ጽሑፍ መጣ።

«ምን ይላል?»

«የስምምነት ውል ነው። ማንም አያነበውም፣ እለ...» ብዬ ቃሉ አፌ ላይ ቆመ።

«አንብቢው።»

«ጋሼ፣ ሃያ ገጽ ይሆናል።»

«አንብቢው አልኩሽ።»

አነበብኩት። እየተረጎምኩ፣ አንድ መስመር ሳልዘል፦ ድርጅቱ ለምን ለምን ኃላፊ እንደማይሆን፣ ማን ማንን መክሰስ እንደሚችል፣ በየትኛው አንቀጽ የትኛው አንቀጽ እንደሚሻር። ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ዜና ያዳምጣል። አንድ ገጽ ሳበቃ ይገፋዋል፣ ሌላው ይመጣል። በሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ሰለቻቸውና ሄዱ። ጉሮሮዬ ደረቀ። በመጨረሻ ውሉ አለቀና አጭር ገጽ መጣ። ገና ሳላነበው ምን እንደሆነ አወቅኩት።

«ምን ይላል?» አለ።

«ቀለማትን ለመለየት ይቸገራሉ ወይ ነው የሚለው።»

ጆይስቲኩን አነሳ። ከጥያቄው ሥር ሁለት ቃላት አሉ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። በዚህኛው ጌም የትኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ፋርማሲስቷ ሄዳለች፣ ሌላ የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ የለም።

«አዎ የሚለው የቱ ነው?»

«የቀኙ» አልኩት።

ዞሮ ፊቴን አየ። ስድስት ዓመቴ ላይ ዩኒፎርሜን አልብሶ ቁልፌን ሲቆልፍልኝ እንደዚህ ቀረብ ብሎ ያየኝ ነበር። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመለሰና የቀኙን ተጫነ።